ሥዕል፣ ቅርስና ካሜራ፦ በጉዞ ላይ ፎቶ ለሚያነሱ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጎንደር፣ ላሊበላ፣ ዘጌ ወይም ሐረር ለመሄድ ያሰበ ሰው ከመነሳቱ በፊት ከሚጠይቀው ግማሹ ስለ ካሜራ ነው፣ ግማሹ ስለ ፈቃድ። እንዳየሁት ከሆነ ግን ጥሩ ፎቶ ይዞ መመለስና አለመመለስ የሚወሰነው በካሜራው ሳይሆን ቁልፉን በያዙት አባት ነው። ስለዚህ ከፈቃዱ እንጀምር።

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያለ ሥዕል ፎቶ ማንሳት ይፈቀዳል?

እንደየቦታው ነው። ጎብኚ በሚበዛባቸው እንደ ላሊበላ፣ የጎንደሩ ደብረ ብርሃን ሥላሴና የጣና ገዳማት መግቢያ ከፍላችሁ ያለ ፍላሽ ማንሳት አብዛኛውን ጊዜ ይቻላል። ቪዲዮ ግን በብዙ ቦታ ለብቻው ይከፈልበታል። ቲኬት ስትቆርጡ አብራችሁ ጠይቁ፤ ደረሰኙንም አትጣሉት፣ መሃል ላይ አምጡ የሚል አይጠፋም።

በገጠር ደብር ደግሞ የተጻፈ ደንብ አትጠብቁ። አስተዳዳሪው ወይም ቁልፍ ያዡ «ይሁን» ካሉ ሆነ፤ «አይሆንም» ካሉ አበቃ። እዚህ ላይ የሚወስነው አገባባችሁ ነው። ካሜራ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የደረሰ ሰውና ጫማውን አውልቆ፣ ደጁን ተሳልሞ፣ «አባ፣ ይፍቱኝ» ብሎ መስቀል የተሳለመ ሰው እኩል አይታዩም። ጥላው ሥር ትንሽ ተቀመጡ። ከየት እንደመጣችሁ ይጠይቋችኋል፣ እናንተም ስለ ደብሩ ጠይቁ፤ ማን እንደተከለው፣ ንግሡ መቼ እንደሆነ። ከዚያ በኋላ «አባታችን፣ ሥዕሉን ያለ ብልጭታ ባነሳው ቅር ይልዎታል?» ማለት ይቻላል። በዚህ መንገድ ተጠይቀው የከለከሉ አባት ካጋጠሟችሁ ምክንያት ቢኖራቸው ነው፤ አትሟገቱ።

የትም ቢሆን የማይሞከሩ ነገሮች አሉ። ቅዳሴ እየተቀደሰ ካሜራ አይወጣም። መቅደስ ውስጥ ፎቶ ማንሳት ቀርቶ መግባትም የለም። ክብ ቤተ ክርስቲያን ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ተብሎ በሦስት ይከፈላል፤ በጣና ገዳማት ሥዕሎቹ በብዛት ያሉት በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ከውጭ በኩል ዙሪያውን ስለሆነ ለማየትም ለማንሳትም ወደ ውስጥ መዝለቅ አያስፈልግም። ሥዕሉ በመጋረጃ ተሸፍኖ ከሆነ መጋረጃውን ራሳችሁ አትግለጡ። አባ በዘንጋቸው ገለጥ ያደርጉላችኋል፤ አንስታችሁ ስትጨርሱም ይመልሱታል።

ፍላሽ ለምን ይከለከላል? አንድ ብልጭታ ምን ያደርጋል?

እውነቱን ለመናገር አንድ ብልጭታ ብቻውን ሥዕል አያጠፋም። ቀለምን የሚያደበዝዘው ለዓመታት የሚጠራቀም ብርሃን ነው፤ በቀን ስንት ጎብኚ ስንት ጊዜ እንደሚያበራ ማንም ስለማይቆጥር ክልከላው ለሁሉም ይሆናል። በእኔ ግምት ግን ሥዕሎቻችንን ከፍላሽ ይልቅ የሚጎዳቸው ሌላ ነው። የጣና ገዳማት ሥዕሎች ብዙዎቹ በጨርቅ ላይ ተሥለው ግድግዳው ላይ የተለጠፉ ናቸው። ጠላታቸው ከጣሪያ የሚያፈስ ውሃ፣ ምስጥ፣ የጧፍ ጢስ፣ «እዚህ ጋ እዩ» እያለ የሚነካ ጣትና የጎብኚ የጀርባ ቦርሳ ነው። ቅድስቱ ጠባብ ነው፤ ፎቶ ለማንሳት ወደኋላ ሲሉ ቦርሳው ከኋላ ያለውን ግድግዳ ይፍቃል። ቦርሳችሁን በር ላይ አስቀምጡ፣ ወይም ደረታችሁ ላይ አዙሩት።

ፎቶውንም ቢሆን ፍላሽ ያበላሸዋል። መሃሉ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ይወጣል፣ ዳሩ ይጨልማል፣ ቢጫና ወርቃማው ቀለም ይነጣል። የሚጸልይ ሰው ዓይን ላይ መብራት ማብራት ነውር መሆኑን መጨመር ያስፈልጋል ብዬ አላስብም።

በስልክ ብቻ፣ በጨለማ ውስጥ፣ ደህና ፎቶ ይወጣል?

ይወጣል፤ ብርሃኑን ከፈለጋችሁት። ከሁሉ በፊት በሮቹን ቁጠሩ። ክብ ቤተ ክርስቲያን ብዙ በርና መስኮት አለው፤ ጎብኚ ሲመጣ የሚከፈተው ግን አንዱ ብቻ ነው። «አባ፣ ያኛውን በር ቢከፍቱልን» ብሎ መጠየቅ ከየትኛውም ውድ ሌንስ ይበልጣል። ከጎን የሚገባው ብርሃን ግድግዳው ላይ ሲንሸራተት የብሩሹ ምት፣ የጨርቁ ስፌት፣ ቀለሙ የተሰነጠቀበት ቦታ ሁሉ ይወጣል። ጓደኛ ካለ ነጭ ነጠላውን ዘርግቶ በሩ አጠገብ ይቁም፤ ከውጭ የመጣው ብርሃን ነጠላው ላይ አርፎ ወደ ጨለመው ጥግ ይመለሳል።

ቀጥሎ ስልኩን ተቆጣጠሩት። ሥዕሉ ላይ ጣታችሁን ተጭናችሁ በመያዝ ትኩረቱንና ብርሃኑን ቆልፉ፤ ከዚያ ብርሃኑን ጥቂት ዝቅ አድርጉት። ስልክ ጨለማ ሲያይ ሁሉን ቀን ሊያደርገው ስለሚሞክር ጥቁር ሰማያዊው ግራጫ ይሆናል። ቀለም የሚያስጌጠውን ራስ ሰር ማሻሻያ አጥፉ፤ የጎንደር ሥዕሎችን ቀይና ቢጫ ወስዶ የከረሜላ ወረቀት ያደርጋቸዋል። ፕሮ የሚል ምርጫ ያለው ስልክ ከሆነ አይኤስኦን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ንቃት) ከ800 እስከ 1600፣ የመዝጊያውን ፍጥነት 1/30 ሰከንድ አካባቢ አድርጉና ሞክሩ። የሌሊት ሞድም ይረዳል፤ ግን ብዙ ፎቶ እየደራረበ ስለሚሠራ ለጥቂት ሰከንድ እጅ መንቀሳቀስ የለበትም። ሦስት እግር መቆሚያ ብዙ ቦታ አይፈቅዱም፤ ስለዚህ ዓምድ ተደግፋችሁ፣ ክርናችሁን ጎናችሁ ላይ አጣብቃችሁ፣ ትንፋሽ ይዛችሁ ነው።

ሰፊውን ሌንስ እርሱት። ጠባብ ቦታ ላይ ያጓጓል፤ የመላእክቱን ክንፍና የቅዱሳኑን ራስ ግን ይለጥጠዋል። በመደበኛው ሌንስ ከሥዕሉ መሃል ፊት ለፊት ቆማችሁ በክፍል በክፍል አንሱትና ኋላ አገጣጥሙት። መጀመሪያም ነጭ ወረቀት ወይም ነጠላ እዚያው ብርሃን ውስጥ አንድ ጊዜ አንሱ። አንዱ ጥግ የአምፖል ቢጫ፣ ሌላው የሰማይ ሰማያዊ ሲሆን ትክክለኛውን ቀለም የምትመልሱት በዚያ ነጭ ነው።

የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣሪያ እንዴት ላንሳው?

ሁሉም የሚያነሳው ያንን ጣሪያ ነው፤ ከመቶ በላይ የመላእክት ፊት፣ ሁሉም ክንፍ ያለው፣ ሁሉም ወደ ታች የሚያይ። አንገትን ወደ ላይ ሰብሮ በእጅ ማንሳት መስመሮቹን ያዛባል። የሚሠራው ዘዴ ቀላል ነው፦ አባን አስፈቅዳችሁ፣ የስልኩን ሰዓት ቆጣሪ 10 ሰከንድ ላይ አድርጋችሁ፣ በስክሪኑ በኩል ምንጣፉ ላይ አስተኙትና ራቅ በሉ። የጀርባው ካሜራ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ያያል። የስልኩን ረጅም ጎን ከጣሪያው እንጨቶች ጋር ትይዩ ካደረጋችሁት ረድፎቹ ቀጥ ብለው ይወጣሉ። አንድ ክንድ እያስጠጋችሁ ደጋግሙት።

በነገራችን ላይ ያ ጣሪያ ዛሬ መኖሩ ራሱ ታሪክ ነው። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ከከተማዋ አብያተ ክርስቲያናት ከተረፉት ጥቂቶች አንዱ ይኸው የዐፄ አድያም ሰገድ ኢያሱ ደብር ነው። የጎንደር ሰው የንብ መንጋ ወጥቶ እንዳባረራቸው ይተርካል። ስትወጡ ባለ 12 ማማውን የዙሪያ ግንብም አትዝለሉት፤ ከሰዓት በኋላ ብርሃን ሲያገኘው ከውስጡ ያላነሰ ፎቶ ይሆናል።

ሥዕሉ ምን እንደሚል ካልገባኝስ?

ያልገባንን ስናነሳ ሁልጊዜ የምናነሳው መሃሉን ነው፤ ዋናው ነገር ግን ዳር ላይ ሊሆን ይችላል። ጥቂት ነገር ማወቅ ዓይንን ይመራል። በቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል ጻድቁ ፊቱ ሙሉ ነው፣ ሁለት ዓይኑ ይታያል። ክፉው ወደ ጎን ዞሮ ባንድ ዓይን ይሣላል። በራት ማዕዱ ዙሪያ ሐዋርያቱን አንድ በአንድ ተመልከቱ፤ ይሁዳን ሳትጠይቁ ታውቁታላችሁ። ክርስቶስን የሚገርፉት ወታደሮችም እንደዚያው። በመቅደሱ በሮች ሳንቃ ላይ ሰይፍ የመዘዙ መላእክት ይቆማሉ፤ በሩ ሲከፈት ስለሚገለጡ ወይም ስለሚሸፈኑ በሩ ሳይነካ በፊት አንሱ።

ሥዕሉ ግርጌ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ የተደፋ ሰው አለ። ያሣለው ነው። በደቅ ደሴት ናርጋ ሥላሴ እቴጌ ምንትዋብ እመቤታችን እግር ሥር ወድቃ ተሥላለች። ደብሩን ያሠራችው እርሷ ናትና በ18ኛው መቶ ዘመን የነበረች ንግሥት ራሷን እንዴት ማሣል እንደፈለገች የምታዩት እዚያ ነው፤ ልብሷንና እጇን ለብቻ ቀርባችሁ አንሱ። አጠገቡ የግዕዝ ጽሑፍ ካለ እርሱንም በደንብ አንሱት። በኋላ ማንበብ የሚችል ሰው ታገኛላችሁ፤ የሠዓሊው ወይም የአሠሪው ስም ያለው እዚያ ነው።

ቤተ ጊዮርጊስን በስንት ሰዓት ላንሳ?

ምን እንደፈለጋችሁ ይወሰናል። ላሊበላ ካሉት 11 ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናት ቤተ ጊዮርጊስ ለብቻው ነው፤ ጣሪያው ከመሬቱ ጋር እኩል ሆኖ ወደ 12 ሜትር ቁልቁል ይወርዳል። ፀሐይ ዝቅ ስትል፣ ማለትም ማለዳ ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ፣ ጣሪያው ላይ ያለው መስቀል ያበራል፣ ጉድጓዱ ይጨልማል፤ የመስቀሉ ቅርጽ ጎልቶ የሚወጣው በዚህ ጊዜ ነው። ግድግዳውን፣ መስኮቶቹንና ዐለቱ ላይ የበቀለውን ሻጋታ መሳይ ቢጫ ሽበት ከፈለጋችሁ ግን ብርሃን ወደ ጉድጓዱ እስኪወርድ ረፋዱን 4 ሰዓት አካባቢ ጠብቁ። ደመናማ ቀን አትጥሉት፤ ሰማዩን ከፎቶው ካስወጣችሁት ከታች ሆኖ ለማንሳት ከሁሉም የተሻለ ነው።

አፋፉ አጥር የለውም። ስክሪን እያያችሁ ወደኋላ አትራመዱ፤ ከፈለጋችሁ መጀመሪያ ቁሙ፣ ከዚያ አንሱ።

ሌሎቹ አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ ቤተ መድኃኔ ዓለምና ቤተ ማርያም፣ ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ትልልቅ የብረት ጥላ ተተክሎላቸዋል። ብዙ ሰው ፎቶ አበላሸብኝ ብሎ ይናደዳል። እኔ ብረቱን ከመደበቅ ይልቅ ዐለቱን ጠጋ ብሎ ማንሳትን እመርጣለሁ፤ ጥላውም ለስላሳ ብርሃን ይሰጣል። ቤተ ማርያም ውስጥ ጣሪያና ቅስቶቹ ላይ ያሉትን ሥዕሎች ሳታዩ አትውጡ።

በገናና በጥምቀት ሰሞን መሄድ ይሻላል ወይስ ይከፋል?

ሥዕል ለማንሳት ይከፋል፤ ሰው ለማንሳት ግን እንደዚያ ያለ ጊዜ የለም። ላሊበላ ታኅሣሥ 29 (በዘመነ ዮሐንስ 28) ሌሊቱን ተቀድሶ ጠዋት ካህናቱ በቤተ ማርያም ዙሪያ ዐለቱ ላይ ተሰልፈው «ቤዛ ኩሉ» ይዘምራሉ፤ ታች ያሉት ይቀበላሉ። ነጭ ነጠላ በበዛበት ፎቶ ስልኩ ብርሃኑን ስለሚቀንስ ሁሉም አመድ ይመስላል፤ እዚህ ላይ ከቤተ ክርስቲያን ውስጡ በተቃራኒ ብርሃኑን ከፍ አድርጉ። ቦታ የሚይዝ ሰው ሌሊቱን እዚያው ያድራል። ረፋድ ላይ ደርሶ የምእመኑን ትከሻ እየገፋ የሚያልፍ ፎቶ አንሺ በየዓመቱ አይጠፋም፤ እንደ እርሱ አትሁኑ።

ጎንደር ላይ ታቦታቱ በከተራ፣ ጥር 10፣ ወደ ፋሲል መዋኛ ይወርዳሉ፤ ውሃው የሚባረከው በማግስቱ ጠዋት ነው። ጎረምሶቹ ከዛፍ ሥሮቹ ላይ ወደ ውሃው ሲዘሉ ያለው ፎቶ የታወቀ ነው፣ ስልክ ማርጠቡም እንዲሁ፤ ላስቲክ ያዙ። ታቦት ሲያልፍ ከውጭ ሆኖ ማንሳት የተለመደ ነው። ፊት ለፊቱ መቆም፣ ጀርባ ሰጥቶ ሰልፊ መነሳት ግን አይሆንም።

ሴቶች የማይገቡባቸው ቦታዎች አሉ?

አሉ። ከጣና ደሴቶች ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ለሴት አይፈቀዱም፤ የአክሱሙ ጥንታዊው ጽዮን ማርያምም እንዲሁ። የዘጌው ኡራ ኪዳነ ምሕረትና ናርጋ ሥላሴ ግን ለሁሉም ክፍት ናቸው፤ በሥዕልም ከማንም አያንሱም። ጀልባ ባሕር ዳር ላይ ስትከራዩ የምትሄዱበትን ገዳም በስም ተናገሩ። ጀልባ ተነጂው ቅርብ ወደሆነው ሊወስዳችሁ ይችላል።

ትግራይ፣ ገርዓልታ ዐለት ላይ ያለውን የአቡነ የማታ ጉሕ ቤተ ክርስቲያን መውጣት ለፎቶ ሲባል ዋጋ አለው?

ከፍታ የማትፈሩ ከሆነ፣ አዎ። መጨረሻው በባዶ እግር፣ በእጅ ዐለቱን እየቆነጠጡ ነው፤ ከደጁ በታች ገደል አለ። ሁለቱም እጅ ነጻ እንዲሆን ስልክ ብቻ በሚዘጋ ኪስ ያዙ፤ ትልቅ ካሜራ ካለ ረዳቶቹ ያወጡላችኋል። ውስጡ ትንሽ ነው፣ የጉልላቶቹ ሥዕል ግን ከብዙ የታችኛው አገር ደብር ይልቅ ቀለሙ ትኩስ ነው። ብርሃን የሚገባው በበሩ ብቻ ስለሆነ በሩ ላይ አትቁሙ። ከመነሳታችሁ በፊት ስለ መንገዱ ሰላም እዚያው ከሚኖር ሰው ጠይቁ፤ ይህ ለላሊበላም ለጎንደርም ይሠራል።

ሰው ፎቶ ሳነሳ ገንዘብ ልስጥ?

መጀመሪያ ፈቃድ፣ ያውም በቃል። ርቆ ቆሞ በረጅም ሌንስ መስረቅ በየትም አገር ስርቆት ነው። ደቡብ ኦሞ፣ በተለይ ሙርሲ መንደር፣ ፎቶ በቁጥር ይከፈላል፤ ዋጋውን በአስጎብኚው በኩል ሳታነሱ በፊት ተስማሙ። እኔ በግሌ ያ ሰልፍ አይጥመኝም። ሁሉም ተሰልፎ፣ ሁሉም ቀለም ተቀብቶ፣ ሁሉም «እኔን አንሳ» ሲል የሚወጣው ፎቶ የገበያ ፎቶ ነው። ካሜራውን አስቀምጦ ግማሽ ቀን የተቀመጠ ሰው የተሻለ ያገኛል።

ለልጆች ሳንቲም አትስጡ፤ ከትምህርት ቤት ያስቀራቸዋል። ወላጅ ካለ ወላጅን ጠይቁ። ለአዋቂ ደግሞ ከገንዘብ ይልቅ ፎቶው ራሱ ይወደዳል። ቴሌግራም ካለው እዚያው ላኩለት፤ ከሌለው ከተማ ስትደርሱ ስቱዲዮ አሳትማችሁ በሹፌሩ ወይም በአስጎብኚው እጅ መልሱለት። ለካህን የሚሰጥ ነገር ካለ በእጃቸው ከማስጨበጥ በሙዳየ ምጽዋት ውስጥ መክተት ያምራል።

ሐረር ውስጥ ምን ላንሳ?

ግድግዳ። በግንብ በታጠረው አሮጌው ከተማ፣ ጀጎል ውስጥ፣ መተላለፊያዎቹ ጠባብ፣ ግድግዳቸው በነጭ፣ በአረንጓዴ፣ በሰማያዊ የተቀባ ነው፤ ሌላ ቦታ ፎቶ የሚገድለው የቀትር ፀሐይ እዚህ ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው እየተንጸባረቀ ይጠቅማል። መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ልብስ ሰፊዎቹ ማሽናቸውን ደጅ አውጥተው ይሰፋሉ፤ ጨርቅ የምታሰፉ ከሆነ ፎቶው በነጻ ነው ማለት ይቻላል።

የሐረሪ ቤት ውስጥ መግባት ከቻላችሁ ደጁ ላይ ትንሽ ቁሙና ዓይናችሁን አለማምዱ። መደቦቹ ከፍና ዝቅ እያሉ በቀይ ተቀብተዋል፤ ቀዩ በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት ላይ ለወደቁት መታሰቢያ ነው ይላሉ። ግድግዳው ላይ ስፌቶች፣ ሳህኖችና ጎድጓዳ ዕቃዎች በረድፍ ተሰቅለዋል። እመቤቲቱን «ስፌቱን የሠሩት እርስዎ ነዎት?» ብላችሁ ጠይቁ። ስፌት በሐረር የሴት ክብር ነው፤ ጥያቄው በር ይከፍታል።

የራምቦ ቤት የሚባለውም አለ። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ነጋዴ ሆኖ ሐረር ሲኖር በ1883 እ.ኤ.አ. ካሜራ አስመጥቶ ራሱንም ከተማዋንም አንስቷል። ዛሬ በስሙ የሚጠራው ቤት ከእርሱ በኋላ የተሠራ ቢሆንም ውስጡ ያለው የጥንት ሐረር ፎቶ ስብስብ ለፎቶ አንሺ ግሩም ነው፤ የቆመበትን ቦታ ፈልጋችሁ ዛሬን ከትናንት ጎን ማድረግ ትችላላችሁ።

ምሽት ጅብ የሚያበሉት ጋ ፍላሽ አትጠቀሙ። የባጃጁን ወይም የመኪናውን መብራት ወደ ጎን እንዲያዞር ሹፌሩን ለምኑት፤ ከጎን ሲመጣ የጅቡ ጎፈርና የሰውየው እጅ ይለያያሉ።

ድሮን ይዤ መግባት እችላለሁ?

ፈቃድ ከሌላችሁ አትያዙ። ድሮን ለማስገባትም ለማብረርም የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ፈቃድ ይጠየቃል፤ ያለዚያ ቦሌ ጉምሩክ ላይ ይቀራል። ከውጭ ለእረፍት የሚመጡ ዘመዶቻችን በዚህ ሁልጊዜ ይናደዳሉ፤ ደንቡ ግን አዲስ አይደለም።

አዲስ አበባ ውስጥ ፎቶ ማንሳት የሚከለከለው የት ነው?

ቤተ መንግሥት፣ ወታደራዊ ግቢ፣ ኤምባሲ፣ ኤርፖርት፣ ኬላና የደንብ ልብስ የለበሰ ሰው ላይ ካሜራ አታዙሩ። ጥበቃ «አጥፋ» ካለ አጥፉ፤ በዘበኛ ላይ ሕግ መጥቀስ ቀኑን ያስመሻል።

በጎ ጎኑን ካነሳን፦ አፍሪካ አዳራሽ አለ። በ1953 ዓ.ም. የተከፈተው ሕንፃ እድሳቱ ተጠናቆ በጥቅምት 2017 ዳግም ተመርቋል፤ የሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕልም 150 ካሬ ሜትር ስፋት ይዞ እዚያው አለ። የተባበሩት መንግሥታት ግቢ ስለሆነ ቀድሞ ማመልከትና መታወቂያ ያስፈልጋል። መስታወት የሚነሳው ከኋላው በሚመጣ ብርሃን ነው፤ ስለዚህ ትኩረቱን መስታወቱ ላይ ቆልፋችሁ ብርሃኑን በደንብ ዝቅ አድርጉ፣ አዳራሹ ቢጨልም ይጨልም። ከፊቱ ሰው አቁሙ፤ ጥላ ቢመስልም ስፋቱን የሚናገረው እርሱ ነው።

የከተማዋን አሮጌ ቤቶች ለማንሳት ያሰበ ካለ ቶሎ ይበል። የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ሰፈር በ2016 ፈርሷል፤ ዛሬ የሚታየው ቀድሞ በተነሳ ፎቶ ብቻ ነው።

ሙዚየም ውስጥ መስታወቱ ያንጸባርቅብኛል፤ ምን ላድርግ?

ጥቁር ልብስ ልበሱ፣ ሌንሱን መስታወቱ ላይ አስጠጉት፣ ካልሆነ ጥቂት ወደ ጎን ዞር በሉ። ሌላ ምስጢር የለውም።

ያነሳሁትን መለጠፍ ወይም መሸጥ እችላለሁ?

ለራሳችሁና ለወዳጅ ማሳየት አያከራክርም። ንግድ ሲመጣ ሦስት ነገር ይለያል። ፎቶው የእናንተ ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ለ25 ዓመት ይጠበቅላችኋል። በፎቶው ውስጥ ያለው ሥዕል ግን የሠዓሊው ነው፤ ሠዓሊው በሕይወት እስካለና ካረፈም በኋላ ለ50 ዓመት። አፈወርቅ ተክሌ ያረፉት በ2004 ዓ.ም. ነውና የመስታወት ሥዕላቸውን ቲሸርት ላይ አትሞ መሸጥ ያስጠይቃል። የ18ኛው መቶ ዘመን የደብር ሥዕል የሠዓሊ መብት የለበትም፤ ባለቤት ግን አለው፣ እርሱም ቤተ ክርስቲያኒቱ ናት። ለመጽሐፍ፣ ለፊልም ወይም ለማስታወቂያ ከሆነ ከሀገረ ስብከቱና ከኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ። በጋለሪ ያለ የዘመኑ ሠዓሊ ሥራ ከሆነ ደግሞ ሠዓሊውን ጠይቁት፤ ብዙዎቹ ስማቸው እንዲጻፍ ብቻ ነው የሚፈልጉት።

ውጭ አገር ስጓዝ ደንቡ ይለያል?

በጣም። ለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም ያለ ፍላሽ ለግል ማንሳት ይፈቅዳል፤ ከመቅደላ በ1868 እ.ኤ.አ. የተዘረፉት ታቦታት ግን ለእይታም ለካሜራም አይወጡም፣ ተሸፍነው ተቀምጠዋል። ቫቲካን ውስጥ ሙዚየሙን እያነሱ መጥተው ሲስቲን ጸሎት ቤት ሲደርሱ ክልክል ነው። ኢየሩሳሌም ዴር ሱልጣን፣ ጎልጎታ ጣሪያ ላይ ያሉት የኛ መነኮሳት ጎጆዎች ለፎቶ ያጓጓሉ፤ መኖሪያቸው ስለሆነ ደጃቸውን ከማንሳታችሁ በፊት አባን ጠይቁ። በምዕራቡ ግንብ አደባባይ ከዓርብ ፀሐይ መጥለቂያ እስከ ቅዳሜ ምሽት ካሜራ አይወጣም።

ኤምሬትስ ያላችሁ እኅትና ወንድሞች ደግሞ በተለይ ተጠንቀቁ። ሰውን ያለ ፈቃዱ ማንሳትና መለጠፍ እዚያ በሕግ የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። የአቡዳቢን ታላቅ መስጊድ አንሱ፤ ከኋላ ያለፈች ሴት ፊቷ ከታየ ግን አትለጥፉ። የአሠሪ ቤትና ልጆችም በቲክቶክ አይወጡም።

ፎቶዎቹን እንዴት ላስቀምጥ? ቦታውን ልጻፍ?

ያነሳችሁበትን ደብር፣ ቀኑንና የነገሯችሁን ታሪክ እዚያው ቀን ማታ ጻፉ፤ ሳምንት ቢያልፍ ሁሉም ቅዱስ ጊዮርጊስ አንድ ይሆንባችኋል። ስትለጥፉ ግን ለዩ። የላሊበላን ዐለት የት እንዳለ መደበቅ አይቻልም፣ አያስፈልግምም። በሩ አሮጌ፣ ጠባቂው አንድ ሽማግሌ በሆነ የገጠር ደብር ያያችሁትን ብራና፣ የወርቅ መስቀል ወይም ዘውድ ከነቦታው ስም ማውጣት ግን ለሌባ ካርታ መሳል ነው። ከላሊበላው ቤተ መድኃኔ ዓለም በ1997 እ.ኤ.አ. የተሰረቀው አፍሮ አይገባ መስቀል ከቤልጂየም የተመለሰው በ2001 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያ ግን ዓለም ያወቀው መስቀል ነበር። ማንም የማያውቀው ቢጠፋ ይህ ነው ብሎ ለማሳየት የሚያስፈልገው የጠራ ፎቶ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ዕቃ ካሳዩአችሁና ከፈቀዱላችሁ ከፊት፣ ከኋላ፣ ከጎን፣ ጽሑፍ ካለውም ጽሑፉን ጠጋ ብላችሁ አንሱ፤ አንዱን ቅጂ አሳትማችሁ ለደብሩ አስተዳዳሪ ስጡ፣ ሌላውን ለሀገረ ስብከቱ ላኩ፣ ፌስቡክ ላይ አታውጡት።